ብርጭቆዎቹ ነግረውኝ ነበር

ሥራው የወጥ ቤት ወለል ላይ እብነ በረድ ማንጠፍ ነበር። ወለሉ እንጨት ነው። አሮጌውን ንጣፍ ስናነሳ ከሥሩ ያለውን ፕላይውድ፣ ከስስ እንጨቶች ተነባብሮ የተሠራውን ሰሌዳ፣ ደህና ሆኖ አገኘነው። አልረጠበም፣ አልበሰበሰም። በውሃ ልክ አየሁት፤ ቀጥ ያለ ነው። ድንጋዩ የሚለጠፍበትን የሲሚንቶ ሰሌዳ (ሲሚንቶ ቦርድ) አልብሼ ድንጋዩን አነጠፍኩ።

አንድ ነገር ግን ሰምቼ ነበር። መሃል ላይ ስረማመድ ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። የቤቱ እመቤት «ሁሌም እንዲሁ ናቸው» አሉኝ። እኔም አለፍኩት።

በሁለተኛው ወር ደወሉልኝ። አምስት ድንጋዮች በአንድ መስመር ተሰንጥቀዋል። መጀመሪያ ማጣበቂያውን ጠረጠርኩ። አንዱን ሳነሳው ግን ጀርባው ሙሉ በሙሉ ይዟል። ስንጥቁ የሄደው የፕላይውዱ መጋጠሚያ ላይ ነው። የሲሚንቶ ቦርዱንም መጋጠሚያ እዚያው ላይ አሳርፌው ነበር። ይሄ የእኔ ጥፋት ነው።

ዋናው ጉድ ከታች ነበር። ወደ ምድር ቤት ወርጄ ለካሁ። ወለሉን የተሸከሙት አግዳሚ እንጨቶች 3.6 ሜትር ያለ ድጋፍ ይሄዳሉ። ለሴራሚክ የሚፈቀደው መርገብ፣ ማለትም እንጨቱ ሲጫን ወደ ታች የሚጎብጠው መጠን፣ የርዝመቱ አንድ 360ኛ ነው፤ እዚህ 10 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ለተፈጥሮ ድንጋይ ግን አንድ 720ኛ ነው፤ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ። የዚህ ወለል መርገብ ሲሰላ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ሆነ። ሴራሚክ ቢሆን ኖሮ ያልፍ ነበር። እብነ በረድ ግን የሚያምርበት ያ ደም ሥሩ ራሱ ድካሙ ነው፤ ሲታጠፍ በዚያ በኩል ይሄዳል።

ድንጋዩን ሁሉ አነሳን። ከታች በእንጨቶቹ ርዝመት አጋማሽ ላይ የሚያቋርጣቸው ተሸካሚ ከነምሰሶዎቹ አስገባን። ይህን ብዙ ሰው አያምነኝም፦ ርዝመቱ በግማሽ ሲቀንስ መርገቡ በግማሽ አይደለም የሚቀንሰው፣ ወደ አንድ 16ኛ ይወርዳል፤ ተሸካሚው ራሱ ጠንካራ ከሆነ። ከላይ 12 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ ደረብን። መጋጠሚያው ከታችኛው ጋር እንዳይገናኝ አዛነፍነው። በሉሆቹ መካከል 3 ሚሊ ሜትር፣ በግድግዳው ዙሪያ 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተውን፤ እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣልና። ብሎኖቹን ከታችኛው ፕላይውድ ጋር ብቻ አሰርናቸው፤ አግዳሚዎቹ ድረስ አላወረድናቸውም።

የአዲሱን ድንጋይ ዋጋ እኔ ቻልኩ። እመቤቲቱ ብርጭቆዎቹን መልሰው ሲደረድሩ መሃል ላይ ቆሜ በተረከዜ መታሁ። አንዱም አልጮኸ።