ሪሲቨሩን ማን ይሸፍን?

ሪሞት ቤታችን ውስጥ የበዛው ማንም ልብ ሳይለው ነው። መጀመሪያ የቲቪው ብቻ ነበር፤ እንዳይቆሽሽ ከነላስቲኩ የኖረ ጨዋ ሪሞት። ዲሹ ሲተከል የሪሲቨሩ መጣ። ቀጥሎ ዘመድ ከዱባይ ሆም ቲያትር ሲያመጣልን የሱም ተጨመረ። አብራን የምትኖረው አክስቴ እቴቴ፣ መነጽሯን መፈለግ ስለማትወድ፣ በየሪሞቱ ወገብ ላይ ክር አሰረችበት። ቀዩ የቲቪ፣ አረንጓዴው የሪሲቨር፣ ቢጫው የሆም ቲያትር። ባንዲራችን ሞላ፣ ቤቱም ሰላም ነበር።

ሰላሙን ያደፈረሰችው ሚስቴ ናት። «ይሄን ሁሉ ዱላ ከጠረጴዛዬ ላይ አንሱልኝ» አለች። ከልደታ ኮንዶሚኒየም ሜክሲኮ ሩቅ አይደለም፤ በእግሬ ወርጄ አንዲት የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባሁ።

«ለሁሉም የሚሠራ አለ» አለኝ ሻጩ። «ቲቪ በለው፣ ሪሲቨር በለው፣ ኤሲ ሳይቀር።»

«ኤሲ የለንም።»

«ስትገዛ ታየዋለህ።»

መሥራቱንም አሳየኝ። «የስልክህን ካሜራ ክፈት» ብሎ ሪሞቱን ወደ ካሜራው አዙሮ ሲጫን አፉ ላይ ሐምራዊ ብርሃን ብልጭ ብልጭ አለ። ዓይናችን የማያየውን፣ ኢንፍራሬድ የሚባለውን ብርሃን ካሜራው ያየዋል። ብርሃኑ በሰከንድ 38 ሺህ ጊዜ ያህል እየበራና እየጠፋ ነው ትእዛዙን የሚያደርሰው። (ይሄን ዘዴ ያዙት፤ ሪሞት ሲሞት ጥፋቱ የሪሞቱ ይሁን የቲቪው ወዲያው ትለያላችሁ። አንዳንድ ስልክ የኋላ ካሜራው ስለማያሳይ በሰልፊው ሞክሩት።)

ሁለት ዓይነት ነው ያለው። አንደኛው የየዕቃው ኮድ የሚሞላለት ነው። ሌላው ተማሪ ነው፤ ከድሮው ሪሞት ጋር አፍ ለአፍ ታስተያዩትና ቁልፍ በቁልፍ ይቀዳል። ስቲቭ ዎዝኒያክ፣ የአፕሉ፣ በፈረንጆች 1987 ያወጣው ሪሞት ከዚህ ከተማሪው ወገን ነበር። ሚስቴ በስልክ የሁለቱንም ዋጋ ሰምታ «ባለኮዱን» አለች። እኔም ከዎዝኒያክና ከሚስቴ ማን እንደሚቀርበኝ አውቃለሁ።

ኮድ መሙላቱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አብሮት የመጣው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ከጤፍ ያንሳል። የኛ ቲቪ ስም ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ ወደ ፍለጋው ገባን፤ ቁልፉን ይዘህ ትጠብቃለህ፣ ሪሞቱ ያለውን ኮድ በየተራ ይተኩሳል፣ ቲቪው ድርግም ባለ ቅጽበት መልቀቅ አለብህ። ከዘገየህ አልፎት ይሄድና እንደገና ከሀ ትጀምራለህ። እቴቴ ከሶፋው ጫፍ «ልቀቅ! ልቀቅ አልኩህ እኮ!» ትላለች፣ ሁልጊዜም አንድ ኮድ ዘግይታ።

ሲሠራ ግን ሠራ። አንድ ቀይ ቁልፍ ስትጫን ሦስቱም ይበራሉ፣ ስትደግም ሦስቱም ይጠፋሉ። ሚስቴ ያን ዕለት ማታ ዶሮ ወጥ የሠራች ያህል ኮራች። እቴቴ ደግሞ ባለክሮቹ ሪሞቶች ጡረታ መውጣታቸውን አይታ በማግስቱ ለልዋጩ ሰውዬ ሰጥታ ሰማያዊ ጆግ ይዛ ተመለሰች። ጥሩ ጆግ ነው፣ እስካሁን አለ።

ከዚያ ልጄ ሪሞቱን ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጣው። ደርቆ ሲነሣ ዕቃዎቹን ለየብቻ የሚመርጡት ቁልፎች ተጣብቀዋል፤ የቀሩት ቻናል መቀየሪያው፣ የሆም ቲያትሩ ድምፅ መጨመሪያና ያ ሁሉንም የሚያዘው ቀይ ቁልፍ ናቸው። ቲቪው ላይ ቁልፍ የለም ወይ? አለ፤ ግድግዳው ላይ የሰቀለልን ባለሙያ ከጀርባ አርጎ ቀብሮታል። የሆም ቲያትሩ ቁልፍ ደግሞ ድሮ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል።

በዚህም መኖር ይቻል ነበር፣ መብራት ባይሄድ ኖሮ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሪሲቨራችን በራሱ ይነሣል፤ ቲቪውና ሆም ቲያትሩ ግን ቀይ መብራታቸውን አብርተው ይተኛሉ። ሁሉንም የሚያዘውን ቁልፍ ስትጫን የተኙት ይነሣሉ፣ የነቃው ይተኛል። ስትደግመው ተመልሰህ እዚያው ነህ። ዕድሜ ልክህን ብትጫነው አንዴ የተዛባው አይቃናም። ውድ የሆኑት ሪሞቶች የትኛው እንደበራ እያስታወሱ ይሄዳሉ፤ የሎጂቴክ ሃርመኒ በዚህ የታወቀ ነበር፣ እሱንም በፈረንጆች 2021 መሥራት አቆሙ። የኛው ግን የነገሩትን ሁሉ ለሁሉም ያወራል።

መፍትሔው አንድ ነው፤ በርቶ የቆየውን ዕቃ ዓይን መሸፈን።

ባለፈው እሁድ ማታ ጎረቤታችን መቶ አለቃ መጡ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ የሁለት ሰዓት ዜና ግን አምልጧቸው አያውቅም። የሳቸው ቲቪ ተበላሽቶ ነው። ዜናው ሊጀምር ሲል መብራት ድርግም ብሎ ተመለሰ።

«እቴቴ፣ ሪሲቨሩን ሸፍኚ!» አልኩ።

እቴቴ ከረከቦቱ ሥር ተነሥታ ነጠላዋን አለበሰችው። ተጫንኩ። ቲቪው በራ፣ ሆም ቲያትሩ በራ፣ ሪሲቨሩም ከነጠላው ሥር ጥፍት አለ። ስስ ነጠላ ኢንፍራሬድን አያግደውም፤ ያሳልፈዋል። ቲቪው «ሲግናል የለም» እያለ ያፈጣል።

«ወደዚያ አዙረህ ተጫን» አሉ መቶ አለቃ። ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ነጭ ግድግዳ እንደ መስታወት ይመልሰዋል፤ ሁሉም ተገለበጠ፣ ሪሲቨሩ ብቻ በርቶ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ሪሞቱ አቅመ ቢስ ሆነ። ባትሪውን አውጥቼ ነከስ ነከስ አድርጌ መለስኩት፤ በቀን ቢሆን በረንዳ ላይ ፀሐይ አሞቀው ነበር። በፈረንጆች 1956 ዜኒት የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው የሮበርት አድለር ሪሞት ባትሪ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ቁልፉን ስትጫን ትንሽ መዶሻ የአልሙኒየም ዘንግ ትመታለች፣ ቲቪው ለጆሯችን የማይሰማውን ድምፅ ሰምቶ ይታዘዛል። ባትሪ ያልገባበት ምክንያትም ባትሪው ሲያልቅ ሰው ቲቪው ተበላሸ እንዳይል ነበር። አድለር ልደታን ሳያይ ያውቃት ነበር ልበል?

መቶ አለቃ ትዕግሥታቸው አለቀ። ተነሡ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ሪሲቨሩ ፊት በአንድ ጉልበታቸው ተንበረከኩ። ሰፊ የቆዳ ባርኔጣ ነው።

«ዝግጁ!» አሉ።

«ዝግጁ» አልኩ።

«ተኩስ!»

ተኮስኩ። ቲቪው በራ፤ ሪሲቨሩ አልጠፋም። የዜና አንባቢው ፊት ጥርት ብሎ መጣ። ቤቱ አጨበጨበ፣ ልጄ ዘለለ። ሰውየው አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ድምፅ የለም። ለካ ያ ባርኔጣ ሪሲቨሩ ጎን የተቀመጠውን ሆም ቲያትርም አብሮ ሸፍኖታል።

እንደገና ልተኩስ ስል መቶ አለቃ እጃቸውን አነሡ። «ተወው ልጄ። ያው ነው፣ እኔ እነግራችኋለሁ» ብለው ሶፋው ላይ ተደላደሉ። «ይኸው፣ ሪባን ሊቆረጥ ነው። ቆረጡ። አሁን ደግሞ ስብሰባ ነው፤ ውይይቱ ፍሬያማ ነበር ይላሉ። ይቺኛዋ ጥሪ አቀረበች።»

እቴቴ ከጀበናው ቡና እየቀዳች አንገቷን ወደሳቸው አሰገገች።

«መቶ አለቃ፣ እስቲ ትንሽ ድምፅ ይጨምሩ፣ ከዚህ አይሰማኝም።»