በእኔ አካውንት ይሠራል፣ በሰርቪስ አካውንቱ ግን ጭጭ

ጅማ ዛሬ ዝናቡ አላባራም። እኔም ሌሊት ፋይል የሚልከው ስክሪፕት (በራሱ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ላይ ተጥጄ ዋልኩ። በራሴ አካውንት ሳስኬደው ያለ ችግር ይልካል። በሰርቪስ አካውንቱ፣ ማለትም ፕሮግራሞች ያለ ሰው በሚሠሩበት አካውንት፣ ግን ሦስት ሌሊት ምንም የለም።

ሎጉን (ስክሪፕቱ የሆነውን የሚመዘግብበትን ፋይል) ደጋግሜ አነበብኩት። «ሆስት ኪ ቬሪፊኬሽን ፌይልድ» ይላል፤ የሰርቨሩን፣ ማለትም ፋይሉን የሚቀበለውን ኮምፒውተር፣ ማንነት ማረጋገጥ አልተቻለም ማለት ነው። ያኔ ገባኝ። በኤስኤፍቲፒ (ፋይል በተመሰጠረ መስመር መላኪያ) መጀመሪያ ስንገናኝ «ሰርቨሩን ታምነዋለህ?» እንባላለን፣ «የስ» እንላለን። መልሱ የሚቀመጠው በየተጠቃሚው ኖውን ሆስትስ (የሚታወቁ ሰርቨሮች) ፋይል ውስጥ ነው። ሰርቪስ አካውንቱ ሰርቨሩን አያውቀውም። ሌሊት «የስ» የሚልለት ሰውም የለም።

ማረጋገጫውን አጥፍቶ መገላገል ይቻል ነበር። እኔ ግን አላደርገውም፤ የሰው ደመወዝ ያለበት ፋይል ነው። አዲስ አበባ ሰርቨሩን ለሚያስተዳድሩት ደውዬ ፊንገርፕሪንቱን (የሰርቨሩ ቁልፍ የሚለይበትን አጭር ኮድ) ፊደል በፊደል አመሳከርን። ከዚያ የሰርቨሩን ቁልፍ በሰርቪስ አካውንቱ ኖውን ሆስትስ ፋይል ውስጥ አስገባሁት።

11 ሰዓት ላይ ፋይሉ አለፈ። ቢሮ ቡና እየተቆላ ነበር። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ!