26 ከየት መጣ?

ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ አንድ የመቀነስ ሒሳብ ነው። 52 ሲቀነስ 38። ተማሪው 26 ብሎ ይጽፋል። መልሱ 14 ነው። አብዛኛውን ጊዜ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ይደረግበትና ይታለፋል።

26 ግን ዝም ብሎ የመጣ ቁጥር አይደለም። ልጁ በአንድ ቤት ከ8 ላይ 2 ቀነሰ፤ 6። በአስር ቤት ከ5 ላይ 3 ቀነሰ፤ 2። «ሁልጊዜ ከትልቁ ላይ ትንሹን ቀንስ» የሚል ሕግ በጭንቅላቱ ይዟል። ሕጉን ደግሞ ዝንፍ ሳያደርግ ነው የፈጸመው።

ኮድ የጻፈ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል። ኮምፒውተር የሚሠራው የታዘዘውን ነው። ውጤቱ ሲበላሽ ማሽኑ ላይ መቆጣት ምንም አይፈይድም፤ ትእዛዙን መስመር በመስመር ማንበብ ነው እንጂ። ጆን ሲሊ ብራውን እና ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት የልጆችን የመቀነስ ስህተት ያዩት ልክ በዚህ ዓይን ነበር። ሥራዬ ብዬ ካነበብኳቸው ሁሉ እንደዚህ ልቤን የነካኝ ጥቂት ነው።

አሁን 58 ሲቀነስ 32 እንስጠው። ያው ልጅ፣ በዚያው በተሳሳተ ሕግ፣ 26 ይላል። ትክክል! ራይት ይደረግለታል፣ ይጨበጨብለታል፣ ስህተቱም ተደብቆ ይቀጥላል። ጎበዝ ፕሮግራመር ኮዱን ሲፈትሽ የሚሰጠው ያበላሸዋል ብሎ የጠረጠረውን ቁጥር ነው። ጥያቄ ስናወጣም እንዲሁ መሆን አለበት ባይ ነኝ። ለምሳሌ 504 ሲቀነስ 176። መሃል ላይ 0 አለ። ለመበደር ሲሞክር 0ን 9 ያደርግና 5ቱን ሳይነካው የሚያልፍ ልጅ አለ። 428 ይወጣለታል። መልሱ 328 ነው። የበለጠችው 100 ሕጉ የት ላይ እንደተሰበረ በግልጽ ትናገራለች። መቶ ቤቱ ብድሩን አልሰጠም።

እርግጥ ልጅ ማሽን አይደለም። የኮድ መስመር ስክሪን ላይ ተዘርግቶ ይታያል፤ የልጁ ሐሳብ ግን ካልተናገረው አይታይም። ደግሞም ያፍራል። «እስቲ እንዴት እንደሠራኸው ንገረኝ» ሲባል፣ ተሳስቻለሁ ማለት ነው ብሎ ቶሎ በላጲስ ያጠፋዋል። የጠፋው ደግሞ እኛ የምንፈልገው ነው።

ለዚህ ያገኘሁት ዘዴ ጥያቄውን ትክክል ለሠራውም መጠየቅ ነው። «14 እንዴት መጣ?» ይባል። ያኔ ጥያቄው የስህተት ምልክት መሆኑ ይቀራል። ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል ለሁሉም አይዳረስም፤ ጊዜው አይበቃም። በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ለአንድ ልጅ ቢደርስ ግን ሌሎቹም ይሰማሉ።