የወጣት ማዕከሉ በነፃ ነው፤ ግን ስንት ሰዓት ይከፈታል?

በብዙ ወረዳዎች የወጣት ማዕከል አለ። አዳራሽ፣ ሁለት ሦስት ክፍል፣ አንድ ቁም ሣጥን ሙሉ የሙዚቃ መሣሪያ። መግቢያው በነፃ ነው። ችግሩ ብዙዎቹ በቢሮ ሰዓት መሥራታቸው ነው፤ ተማሪው ክፍል፣ ሠራተኛው ሥራ ላይ ሳለ ይከፈታሉ፣ ሰዉ ሲፈታ ይቆለፋሉ። ስለዚህ ስለ ክፍያ ከመከራከር በፊት ሰዓቱን ማስተካከል ይቀድማል።

የመንግሥት ሠራተኛ በሳምንት የሚሠራው 39 ሰዓት ነው። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ከቀኑ 7 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ቢሠራ 24 ሰዓት ይሆናል። ቅዳሜና እሑድ ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 11 ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት ለምሳ ተቀንሶ፣ 15 ሰዓት ነው። ድምሩ ያው 39፤ ሰኞ ዝግ። አዲስ ቅጥር አያስፈልግም፤ የሰው ሀብት ክፍሉ ግን በደብዳቤ ሊያጸድቀው ይገባል። በቃል ስምምነት ብቻ ከተጀመረ ሠራተኛው ሰኞ ጠዋት ቀሪ ተብሎ ይመዘገባል፤ አሠራሩም በወሩ ይፈርሳል።

ሰዓቱ ወጪንም ይነካል። ለምሳሌ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ውሃ፣ መብራትና ጥገና ተደምሮ በወር 48,000 ብር ይሁን። አዳራሹ በወር 80 ሰዓት ብቻ ከተሠራበት አንዱ ሰዓት 600 ብር ይፈጃል፤ 160 ሰዓት ከተሠራበት 300 ብር። ከወጪው አብዛኛው ሰው ቢኖርም ባይኖርም የሚከፈል ነውና። ይህ ቁጥር ከታወቀ በኋላ ተመን ማውጣት ቀላል ነው። ለሠፈር ቡድን ልምምድ ነፃ፣ እያስከፈለ ለሚያሠለጥን የሰዓቱ ወጪ ግማሽ፣ ለሠርግና ለድርጅት ስብሰባ እጥፉ። ለሠርግ የሚሰጡት ቅዳሜዎች ግን በወር ከአንድ ባይበልጡ ይሻላል፤ አለዚያ የኪራይ ገንዘቡ እየጣመ ሄዶ ልምምዱን ያባርረዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ማዕከሎች የሚሳሳቱት የኪራዩን ገንዘብ ለመብራት እናውለዋለን ብለው ማቀዳቸው ነው። የመንግሥት ማዕከል የውስጥ ገቢ በደረሰኝ ተሰብስቦ ወደ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ይገባል፤ እንዲጠቀምበት በሕግ ካልተፈቀደለት በቀር መልሶ አያወጣውም። የመብራቱ ወጪ መጀመሪያውኑ በዓመቱ የበጀት ጥያቄ ውስጥ ይግባ። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ ግዢውም ከታኅሣሥ ሳያልፍ ቢጀመር ጥሩ ነው። በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆን ሰኔ ላይ በጥድፊያ ሲገዛ ገመድ የሌለው ድምፅ ማጉያና ለአዳራሹ የማይሆን ወንበር ይመጣል።

ቁም ሣጥኑ ሌላ ጣጣ ነው። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ክራሩ ቢሰበር ዕዳው እኔ ላይ ይወድቃል ብሎ ስለሚሰጋ መሣሪያው ተቆልፎበት ይከርማል። ሰውየውን መውቀስ አይገባም፤ አሠራሩ ነው ያስፈራው። መሣሪያው በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ይግባ፣ በሞዴል 22 (በንብረት ወጪ ደረሰኝ) በአሠልጣኙ ስም ይውጣ። በስጦታ የመጣውም ቢሆን እንደዚሁ፤ ካልተመዘገበ ቆጠራ ላይ አይታይም፣ ሲጠፋም ጠያቂ የለውም። የክራር ጅማት፣ የማሲንቆ ጭራና የከበሮ ጠፍር ቶሎ ስለሚያልቁ አላቂ ዕቃ ተብለው በብዛት ይጠየቁ። ከበሮ ክረምት ላይ በሲሚንቶ ወለል አይቀመጥ፤ ቆዳው እርጥበት ይዞ ይላላል። እሳት ዳር ማድረቅ ደግሞ ይሰነጥቀዋል።

ነፃ ሥልጠና ለሚፈልግ ወጣት የድህነት ማረጋገጫ ደብዳቤ መጠየቅ መቅረት አለበት። ወረቀቱን ለማውጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ትራንስፖርት ያስከፍላል፣ ያሳፍራልም። መክፈል የሚችሉት ለነፃው ቦታ ይሻሙበታል የሚለው ሥጋት የተጋነነ ይመስለኛል። መመዝገቢያው ቅጽ ላይ «ሙሉ፣ ግማሽ፣ ነፃ» ብሎ አስቀምጦ ራሱ ሰውዬው እንዲመርጥ መተው ከማጣሪያ ኮሚቴ አበል ይረክሳል።

በሕንፃ አዋጁ መሠረት የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች ምቹ መሆን አለበት። ብዙ ጊዜ በሩ ላይ ራምፕ (በደረጃ ፈንታ ተዳፋት መወጣጫ) ይሠራና ነገሩ እዚያ ያበቃል፤ በተሽከርካሪ ወንበር የመጣው ሰው ተመልካች እንጂ ተዋናይ ይሆናል ብሎ ያሰበ የለም። መድረኩም ራምፕ ያስፈልገዋል። ልኩ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው፤ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላለው መድረክ 7.2 ሜትር ርዝመት ማለት ነው። አዳራሹ ያን ያህል ቦታ ከሌለው መድረኩን ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ ከአጭርና ዳገቱ ከበዛ ራምፕ ይሻላል፤ ያኔ 3.6 ሜትር ይበቃዋል። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ለረዥም ዝግጅት ሁለት ሆነው ከ20 እስከ 30 ባለው ደቂቃ ይቀያየሩ፤ አዳራሹ ሲጨልምም ፊታቸውና እጃቸው ላይ የሚያርፍ አንድ መብራት ሳይጠፋ ይቆይ።

ስለ መብራት ካነሣን፣ ፓር 64 የሚባለው አሮጌው የመድረክ መብራት አንዱ 1,000 ዋት ይጎትታል። አሥራ ሁለቱ አንድ ላይ ሲበሩ በ220 ቮልት ወደ 55 አምፔር ይሄዳሉ፤ የአዳራሹ መስመር አይችለውም፣ ትርኢቱ መሃል ላይ ብሬከሩ ይወርዳል። አሥራ ሁለት ባለ 54 ዋት ኤልኢዲ በአንድነት 648 ዋት ነው፤ ከአንዱ አሮጌ አምፖል ያነሰ። ድምፅ ለመከላከል ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የእንቁላል ካርቶን ግን ገንዘብም ባያስወጣ አይጠቅምም፤ ድምፁ ወደ ጎረቤት እንዳይወጣ አያግድም፣ እሳት ደግሞ ቶሎ ይይዘዋል።

የቀረው ስብሰባ ነው። «ነገ ስብሰባ አለ፣ አዳራሹን ልቀቁ» የሚል ስልክ አንድ ቡድን ሁለት ሦስት ጊዜ ከደረሰው አይመለስም። ማዕከሉ ከ7 ሰዓት ጀምሮ የሚሠራ ከሆነ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ያሉት ጠዋቶች ባዶ ናቸው፤ እነሱን በደብዳቤ ለወረዳው ስብሰባ መስጠትና የከሰዓቱን ፕሮግራም በር ላይ በጉልህ መለጠፍ ነው። ከተለጠፈው የሚሰረዝ ካለ ከ7 ቀን በፊት በጽሑፍ ይነገር፤ የሰረዘው ኃላፊም ከሥሩ ይፈርምበት።