ሾፌሬ ሶማሌ ክልል ውስጥ ሰው ገጭቶ ገደለ፦ የደም ካሳውን እንዴት እንደጨረስኩና የቱ ላይ እንደተሳሳትኩ

በሶማሌ ክልል የጭነት መኪና ለምታሠሩ ነው የምጽፈው። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ ብዙ ነገር ይተርፍልኝ ነበር።

አደጋው የደረሰው ከጅግጅጋ ወደ ደገሃቡር በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ሾፌሩ ለፖሊስ እጁን ሰጠ፣ ትራፊክ ፕላን አነሳ፣ መኪናው ጣቢያ ቆመ። ይህ የትም ያለ ነው።

«ጉዳዩ በሕግ ተይዟል፣ ውሳኔ ጠብቁ» የሚሏችሁን አትስሙ። እዚያ አገር ያልተጻፈው የሶማሌ ሕግ፣ ሔር፣ ከፍርድ ቤቱ ቀድሞ ይሠራል። ቀብር አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ስለሚፈጸም ሽማግሌዎች የከፈንና የቀብር ወጪ ይዘው በሰዓታት ውስጥ ለቅሶ መድረስ አለባቸው። ዘግይቶ የሄደን ሰው በኋላ ስለ ካሳ ሲያወራ ፊት ይነሱታል።

መግ፣ ማለትም የደም ካሳ፣ ገዳዩ ብቻውን የሚከፍለው ዕዳ አይደለም። ጅሊብ የሚባለው የቅርብ የአባት ዘር አዋጥቶ ይከፍላል፤ ሲሞትበትም አብሮ ይቀበላል። ከመቶዎች እስከ ጥቂት ሺህ ወንዶች ይሆናሉ። ስለዚህ የሟችን ትልቁን ጎሳ ማወቅ አይበቃም፣ ጅሊቡን ጠይቁ። እኛ ከውጭ የመጣን ባለመኪኖች ጅሊብ የለንም። የምንጠጋው በአባን ነው፤ ድሮ የቅፍለት ነጋዴን በጎሳው ስም የሚጠብቅ አስተናጋጅ ነበር፣ ለእኔ ዕቃ የሚያስጭነኝ ደንበኛዬ ያንን ቦታ ያዘልኝ።

መነሻው ለወንድ 100፣ ለሴት 50 ግመል ነው። በእኛ ጉዳይ ግመል አልተነዳም፣ በብር ተሰላ፤ ክርክሩም የአንዱ ግመል ዋጋ ስንት ይሁን የሚለው ነው። ጎሳና ጎሳ የቆየ ስምምነት አላቸው፣ እናንተ የላችሁም። ቁጥሩን ለአባኑ ተዉት፣ እናንተ ሸንጎው ላይ አትከራከሩ።

እኔን የጎዳኝ ወረቀቱ ነው። ሽማግሌዎቹ በቃል ጨርሰው፣ ዱዓ አድርገው፣ በመጨረሻ የተጻፈውን አንድ ገጽ ሳላስተውል ፈረምኩ። «ጥፋቱን አምኖ ካሳ ከፈለ» ይላል። የሦስተኛ ወገን መድን ሰጪዬ ውሉን አውጥቶ አሳየኝ፦ ያለ ኩባንያው የጽሑፍ ፈቃድ ጥፋት ማመንም ሆነ ክፍያ ቃል መግባት ክልክል ነው። አንዲት ሳንቲም አልመለሰልኝም። መድን ሰጪውን በጽሑፍ ማሳወቅ የነበረብኝ ከመጀመሪያው ሸንጎ በፊት ነበር። ወረቀቱም ስለ ጥፋት ዝም ማለት ነበረበት። ይቅርታው በቃል ይጠየቃል፣ ሔር በቃል የቆመ ሕግ ነው፣ ማንም አይቀየምም።

አንድ ኃላፊ ደግሞ «ታረቁ፣ መዝገቡ ይዘጋል» አለኝ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖትና በባህል ሕግ መዳኘትን የሚፈቅደው ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ ነው። በቸልተኝነት ሰው መግደል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 የሚያስከስስ ነው፣ ዐቃቤ ሕግ ይቀጥላል። ዕርቁ ቅጣት ለማቅለል ይረዳል፣ ስለዚህ ቅጂውን መዝገቡ ውስጥ አስገቡ፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁ።

ከሁሉ የከፋው ግን የተቀባዮቹ ፊርማ ነው። የፈረሙት የጅሊቡ ወንዶች ብቻ ነበሩ። የሟች ሚስት ሸንጎ ላይ አትቀመጥም፣ ወንድ ዘመዶቿ ይወክሏታል። በኋላ እሷ በራሷና በልጆቿ ስም በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የባለመኪና ኃላፊነት ጠቅሳ ከሰሰችኝ፤ መብቷ ነው፣ የፈረመችው ነገር የለም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከክፍያ በፊት የወራሽነት ማረጋገጫ አስወጡ፤ የሸሪዓ ፍርድ ቤት በስምምነት ይሰጣል። የእያንዳንዱን ወራሽ ስም አስጽፉ። ጅፎ የሚባለው የቅርብ ቤተሰብ ድርሻ ከጅሊቡ ድርሻ ተለይቶ በራሱ መስመር ይግባ፣ ገንዘቡም በባንክ በሚስትየዋ ስም ይግባ። ሽማግሌዎቹ ቅር ቢላቸውም በዚህ አትለሳለሱ። ለእሷና ለልጆቿ ከከፈልኩት ውስጥ ስንቱ እንደደረሰ ማስረጃ የለኝም፣ ይህ ከመድኑ ገንዘብ በላይ ይቆረቁረኛል።

ወረቀቱ በሶማሊኛና በአማርኛ ይዘጋጅ። አስተርጓሚውን ራሳችሁ አምጡ፤ የእኔን ያመጣው ወገን የሟች ወገን ነበር።