ጥማዱ ስንት ነው? አራት የመጠይቅ ፋይሎችን ያዋሃድኩበት ሥራ

አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ የግብርና ጥናት ቢሮ ውስጥ በመረጃ ክፍል ስሠራ፣ ስለ ጤፍ አምራቾችና ነጋዴዎች በተለያዩ ጊዜያት የተሰበሰቡ አራት የመጠይቅ ፋይሎችን እንዳዋህድ ታዘዝኩ። ሥራው ሁለት ሳምንት ይበቃዋል ብዬ ለኃላፊዬ ቃል ገባሁ፤ ስምንት ወር ፈጀ።

መጀመሪያ ያሰናከለኝ ቀኑ ነበር። አንዱ ፋይል 2011 ሲል በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ሌላው በአውሮፓውያን፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ ግን በሁለቱም ውስጥ አልነበረም። በአንዱ ፋይል ውስጥ ደግሞ አንድም የጳጉሜን ቃለ መጠይቅ አለመኖሩ ገረመኝና መረጃ ሰብሳቢዎቹን ብጠይቅ፣ የታብሌቱ ቅጽ 13ኛ ወር ስለማይቀበል መስከረም 1 ብለው መመዝገባቸውን ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ በምሠራው መጠይቅ ሁሉ ቀኑ በተጠያቂው አነጋገር ይጻፋል፣ የዘመን አቆጣጠሩ በተለየ ዓምድ ይገለጻል፣ ልወጣውን የሚሠራው ኮምፒውተሩ ነው።

መሬቱ የባሰ ነበር። ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ማሳ ነው፤ ብዙዎች በልማድ ሩብ ሄክታር ብለው ያሰሉታል፣ ነገር ግን መጠኑ እንደ አፈሩና እንደ አካባቢው ይለያያል። ከአራቱ ቡድኖች ሁለቱ ገበሬው የተናገረውን በ0.25 አባዝተው ሄክታሩን ብቻ አስቀምጠዋል፤ የተናገረውን ራሱን ጥለውታል። ማሳ በጂፒኤስ ተለክቶ ከገበሬው ግምት ጋር በተነጻጸረባቸው ጥናቶች ትንሽ ማሳ ያላቸው አብዝተው፣ ሰፊ ያላቸው አሳንሰው የመናገር ዝንባሌ ስለታየ፣ የጥሬው መልስ መጥፋት ተራ የአያያዝ ጉድለት አይደለም። አሁን ሦስት ነገር ሳይመዘገብ መሬት አንመዘግብም፦ የተነገረው ቁጥር፣ የተነገረበት መስፈሪያና የወረዳው ስም።

ዓለም አቀፉ የግብርና ምርምር ማዕከላት ጥምረት ሲጂአይኤር ለትልቅ መረጃ (ቢግ ዳታ) ባቋቋመው መድረክ ሥር ለቤተሰብ ጥናቶች 100 ያህል የጋራ ጥያቄዎች ተለይተው እንደነበር አውቅ ስለነበር፣ ሐሳቡን ይዤ ለኛ የሚሆን አጭር ዝርዝር አዘጋጀሁ። ለቤተሰብ «ከአንድ ማዕድ የሚበሉ» የሚል ፍቺ ሰጠሁ፤ ውሳኔን የሚመለከቱ ጥያቄዎችም ለአባወራው ብቻ ሳይሆን ለሚስቱም ለየብቻ እንዲቀርቡ አደረግሁ። «ባለፉት 7 ቀናት ምን ተመገቡ?» ከሚለው ጎን ጾም መሆን አለመሆኑን የሚመዘግብ ዓምድ የጨመርኩት ዘግይቼ ነው፤ በሁዳዴ የተጠየቀ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤተሰብ ወተትና እንቁላል አልቀመስኩም ማለቱ ስለ ድህነቱ ምንም አይነግረንም።

ዝርዝሩን ለሙከራ ይዤ የሄድኩት ወደ አዲስ አበባው የእህል ገበያ፣ እህል በረንዳ ነው። አንድ ጠና ያሉ ነጋዴ «ጋሼ፣ ባለፈው ወር ስንት አተረፉ?» ስላቸው እስክሪብቶዬን አይተው «ልጄ፣ ከገቢዎች ነህ እንዴ?» አሉኝ። ጥያቄውን በታትኜ ስንት ኩንታል እንደገዙ፣ በስንት፣ ለጫኝና አውራጅ፣ ለደላላና ለመኪና ስንት እንደከፈሉ ብጠይቃቸው ግን ደብተራቸውን አውጥተው ከኔ ይልቅ በትዕግሥት ቆጠሩልኝ። እኔ ባሰብኩት መንገድ ትርፍ የሚባል ቁጥር እሳቸው ዘንድ አልነበረም።

ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ ግን የጤፉ ስም ነው። የገበሬዎቹ ፋይል በእ.ኤ.አ. 2006 የተለቀቀውን ቁንጮን የመሰሉ የዝርያ ስሞች ይዟል፤ እህል በረንዳ ግን ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛና ቀይ ብሎ በመልኩ ይሸጣል። ቁንጮ የዘራ ገበሬ ያገኘውን ዋጋ ከነጋዴው ዋጋ ጋር ላገናኝ ብል ሁለቱ ስሞች አይገናኙም፤ ስለዚህ የዝርያውም የገበያውም ስም በየራሱ ዓምድ ይመዘገባል። ይህን ለመረዳት አንድ ከሰዓት በኋላ እህል በረንዳ መቆም በቂ ነበር፤ መጠይቁን ያዘጋጀነው ግን ሁላችንም ቢሮ ቁጭ ብለን ነው።

የተጠያቂዎች ስምና ስልክ ከመልሶቻቸው ጋር በአንድ ፋይል ውስጥ ተቀላቅሎ ስላገኘሁት ነጥዬ ቆለፍኩበት፤ ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እያለ ይህን ለመከራከር ማንም አልደፈረም።

ሌላው ሁሉ አከራከረ። የጥማዱ መልስ የጠፋባቸውን ማሳዎች ሩብ ሄክታር ከማለት ይልቅ «አይታወቅም» ብዬ ስመዘግባቸው ናሙናው አነሰ፤ ኃላፊዬም ለሳምንት ያህል ቅር አላቸው። ሠንጠረዡ ግን «አይታወቅም» የሚለውን ዓምድ እንደያዘ ታተመ።