የሃይድሮጅን ቱቦ ዲዛይን፦ ሦስተኛው ማስታወሻ ከአራት ኪሎ

በፋይበር ግላስ ጥብጣብ የሚጠቀለለው፣ ሃይድሮጅን በ40 ባር ግፊት የሚያስተላልፈው የፕላስቲክ ቱቦ ስሌት አልቋል። የውስጥ ቱቦው መርካቶ ለውሃ የሚሸጠው ባለ 110 ሚሊሜትር ኤችዲፒኢ (ጠንካራ የፖሊኤቲሊን ፕላስቲክ) ነው፤ ግድግዳው 10፣ የውስጥ ራዲየሱ 45። ብቻውን 16 ባር ውሃ ቢችልም በስሌቱ ሸክም አልተሰጠውም። ፕላስቲክ ጫና ሲበዛበት እያደር ስለሚለጠጥ ሁሉንም ፋይበር ግላሱ ይሸከማል።

4 ሜጋፓስካል (40 ባር) በ45 ሲባዛ በዙሪያው 180 ኒውተን በሚሊሜትር ይሆናል፤ በቁመቱ ግማሹ፣ 90። ፋይበሩ ሁለቱንም ስለሚሸከም ድምሩ 270። ለፋይበሩ 300 ሜጋፓስካል ከተፈቀደለት 0.9 ሚሊሜትር ንጹህ ፋይበር ይበቃል። (300 የእኛ ግምት ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር 10,000 ሰዓት ከሚፈጅ የግፊት ሙከራ ወደ 50 ዓመት ተሰልቶ ይወጣል።) ግማሹ ፋይበር፣ ግማሹ ፖሊኤቲሊን በሆነ ባለ 0.3 ሚሊሜትር ጥብጣብ ስድስት ንብርብር፦ ሦስቱ ወደ ቀኝ፣ ሦስቱ ወደ ግራ።

ጥብጣቡ የሚጠመጠምበት አንግል 54.7 ዲግሪ ነው፤ የሚለካው ከቱቦው ቁመት እንጂ ከዙሪያው አይደለም። ከዙሪያው ከተለካ 35 ላይ ይወድቅና ግፊት ሲገባ ቱቦው ሆዱ ይነፋል፣ ርዝመቱም ያጥራል። ለማረጋገጥ ወረቀት ቆርጦ መጠምጠም ነው፦ አንድ ዙር ሲሞላ 245 ሚሊሜትር ወደፊት መሄድ አለበት። ባለ 50 ሚሊሜትር አራት ጥብጣብ ጎን ለጎን የመጀመሪያውን ንብርብር ልክ ይሸፍናል፤ ከላይ ባሉት ዙሪያው ስለሚሰፋ ስስ ክፍተት ይታያል።

እስከዚህ ቀላሉ ነው። ሃይድሮጅን በፖሊኤቲሊኑ ውስጥ ሰርጎ ያልፋል። የውስጡን ግድግዳ እጥፍ ብታወፍሩት የሚያልፈው በግማሽ ይቀንሳል እንጂ አይቆምም። ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን ውጪ ላይ ነው፦ «ለጥንቃቄ» ብለው የላይኛውን ሽፋን ያወፍራሉ። ያኔ በውስጠኛው በኩል የገባው ጋዝ መውጫ ያጣና በፋይበሩ መካከል ይጠራቀማል፤ የመስመሩ ግፊት በድንገት ሲለቀቅ የውስጥ ቱቦው ወደ ውስጥ ይጨማደዳል። መፍትሔው ስስ ሽፋን፣ በ220 ዲግሪ አካባቢ ከቱቦው ጋር በደንብ የተበየደ ጥብጣብ፣ ጫፍ ላይ መተንፈሻ፣ ግፊትን ቀስ ብሎ ማውረድ ነው።

መገጣጠሚያው ላይ ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) ብቻውን አይታመንም፤ ፕላስቲኩ ከሥሩ እየሸሸ ይላላል። ውስጥ የብረት እጅጌ፣ ሁለት ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት)፣ ውጪ የሚጨመቅ ቀለበት ያስፈልጋል።

የጥንካሬ ሙከራው በውሃ ብቻ፣ 60 ባር። ከታች እየሞላችሁ አየሩን ከላይ አስወጡ። መጀመሪያ ላይ ጌጁ ትንሽ ቢወርድ ቱቦው ተለጥጦ ሊሆን ስለሚችል፣ ግፊቱን መልሳችሁ ጠብቁ፤ አወራረዱ እየቀነሰ ካልመጣ መገጣጠሚያውን በደረቅ ሶፍት ዳብሱት።